የዝና ሸክም

በአሁኑ ጊዜ በወጣቶች አንደበት ከሚዘወተሩት ቃላት አንዱ «ተጽዕኖ ፈጣሪ» የሚለው ነው። ይህ ስያሜ የሚሰጠው በማኅበራዊ መገናኛ አማካይነት እጅግ ብዙ ተከታዮችን አፍርቶ፣ የሚለብሰውን፣ የሚበላውን፣ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ሁሉ እንደ አርአያ ለሚያቀርብ ሰው ነው። ቃሉን በሰዋስው ዐይን ብንመረምረው ግን ከዕለታዊ አጠቃቀሙ የጠለቀ ምሥጢር እናገኝበታለን። «ተጽዕኖ» የመጣው «ጸዐነ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «ጫነ» ማለት ነው። እንግዲህ ተጽዕኖ ፈጣሪ ማለት በሌላው ሰው ላይ አንድ ነገር የሚጭን ማለት ይሆናል። ጭነት ደግሞ በዓይነቱ ይለያያል፤ እህል የጫነ አለ፤ ገለባ የጫነም አለ። በዚህ ድርሰት ላስረዳችሁ የምሞክረው፣ የሰውን ዝና ለመመዘን ስንት ሰው ተከተለው ብሎ መቁጠር እንደማይበቃና በተከተሉት ሰዎች ላይ የጫነው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ለዚህ አሳብ ምሳሌ የሚሆነኝን ሰው የመረጥሁት ከእግር ኳስ ሜዳ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት አለኝ። ተማሪዎችን «ስታድጉ ምን ለመሆን ትመኛላችሁ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር፣ ሐኪምና መሐንዲስ ከሚለው መልስ ጎን «የእግር ኳስ ተጫዋች» የሚለውን እሰማለሁ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ተጽዕኖ ፈጣሪ» የሚለው ተጨምሯል። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው ላይ ተጣምረው ሲታዩ ምን ያህል እንደሚያጓጉ ይገባኛል። ነገር ግን ከሩቅ የሚያምር ተራራ ሲቀርቡት አቀበትና ቁልቁለት እንዳለው ሁሉ፣ ይህም ኑሮ ቀርበው ሲያዩት የራሱ አቀበትና ቁልቁለት አለው።

ቀድሞ በተጫዋቹና በተመልካቹ መካከል ጋዜጣ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበሩ። ተጫዋቹ የሚናገረው ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ነበር፤ ከተናገረውም ውስጥ ለሕዝብ የሚደርሰው አዘጋጁ የመረጠው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ተጫዋቹ በእጅ ስልኩ የጻፈው ቃልና ያነሣው ፎቶግራፍ ያለ አማላጅ ለሚሊዮኖች ይደርሳል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በልዩ ልዩ መድረኮች ያሉት ተከታዮቹ ሲደመሩ አንድ ቢሊዮን መድረሳቸውን አስታውቋል። አንዱ ሰው በሁለትና በሦስት ስፍራ ሊቈጠር እንደሚችል ባይዘነጋም፣ ይህ ቁጥር ከብዙ አገሮች ሕዝብ ድምር የሚበልጥ ነው። ነጋዴዎችም ይህን አይተው፣ ቀድሞ ለጋዜጣና ለመንገድ ዳር ሰሌዳ ይከፍሉት የነበረውን ገንዘብ ለተጫዋቹ ይከፍሉት ጀመር። የተጫዋችነት ዕድሜ አጭር ስለ ሆነና አብዛኞቹ ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ወይም እንደ ሞላቸው ጫማቸውን ስለሚሰቅሉ፣ ይህ ሁለተኛ ገቢ ለእነርሱ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምሳሌዬ ልመለስ። ማርከስ ራሽፎርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 31 ቀን 1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላም የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ያደገው ዊዘንሾ በሚባለው ሰፈር ነው። እናቱ አምስት ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ ሠራተኛ ነበረች። ሙሉ ቀን ሠርታ የምታገኘው ዝቅተኛ ደመወዝ ለቤቷ አልበቃ እያለ፣ ልጇ በትምህርት ቤት በሚሰጠው የነጻ ቁርስና ምሳ፣ እንዲሁም በጎረቤትና በአሠልጣኝ ደግነት እየተደገፈ አደገ። በአምስት ዓመቱ በሰፈሩ የልጆች ቡድን መጫወት ጀመረ፤ በሰባት ዓመቱ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ክለብ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ገባ፤ በዐሥራ አንድ ዓመቱም ክለቡ ለታዳጊዎች ወዳዘጋጀው ማደሪያ ሄደ። ልጅን በዚያ ዕድሜ ከቤት መለየት ለእናት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ በዚያ ሥልጠናም እንጀራም እንደሚያገኝ ስላወቀች ሰጠችው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ከዐሥር ዓመት በላይ የፈጀው ልምምድ በአንድ ምሽት ፍሬ አፈራ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ማንችስተር ዩናይትድ ከዴንማርኩ ሚድትዩላንድ ጋር ሊጫወት ሲዘጋጅ፣ አጥቂው አንቶኒ ማርሲያል ሰውነት በማሟሟቅ ላይ ሳለ ተጎዳ። በምትኩም የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ራሽፎርድ ተሰለፈ። ለዋናው ቡድን በተሰለፈበት በዚያ በመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት ግብ አገባ። ከሦስት ቀን በኋላም በአርሰናል ላይ ሌላ ሁለት ጨመረ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ በአውስትራሊያ ላይ ግብ ሲያገባ፣ ጨዋታው ከተጀመረ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር። ዓለም ይህን «ድንገተኛ ዕድል» ብሎ ጠራው። እኔ ግን ዕድል ያልሁት የተሰላፊውን መጎዳት ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ተዘጋጅቶ መገኘቱ የዕድል ሳይሆን የትጋት ውጤት ነበር።

ከግብ ጋር ዝና መጣ፤ ከዝናም ጋር ሚሊዮን ተከታዮች መጡ። ይህ ወጣት በዚህ ሁሉ ጆሮ ምን ሊያሰማ እንደሚችል የታየው ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጀርባውን ተጎድቶ ከሜዳ በራቀበት ወቅት ነው። በማርች 2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ለአብዛኞቹ ተማሪዎች ተዘጉ። ለብዙዎች ይህ የትምህርት መቋረጥ ብቻ ነበር። ምሳቸውን በትምህርት ቤት በነጻ ይመገቡ ለነበሩ ሕፃናት ግን የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ የምግብ ቤቱም በር አብሮ ተዘጋ። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። ራሽፎርድ ግን ያን ምሳ የበላ ልጅ ነበርና ረኀቡን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ትርፍ ምግብ ሰብስቦ ለችግረኞች ከሚያከፋፍለው ፌርሼር ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ተባብሮ ተከታዮቹን እርዳታ ጠየቀ። በዚህ ጥሪም ወደ ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብና የምግብ እርዳታ ተሰበሰበ።

መንግሥት በመዘጋቱ ወራት ለእነዚህ ሕፃናት ቤተሰቦች በየሳምንቱ ለአንድ ልጅ የ15 ፓውንድ የምግብ መግዣ ኩፖን ይሰጥ ነበር። የበጋው የዕረፍት ጊዜ ሲቃረብ ግን እርዳታው እንደሚቋረጥ ተነገረ። በጁን 15 ቀን 2020 ዓ.ም. ራሽፎርድ ለፓርላማ አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ስድብም ዛቻም አልነበረበትም። የእናቱን ድካምና የራሱን ልጅነት ተርኮ፣ አባላቱ የፓርቲ ልዩነታቸውን ወደ ጎን ትተው ሕፃናቱን እንዲያስቡ የሚለምን ጽሑፍ ነበር። መንግሥት በመጀመሪያ አልተቀበለውም፤ በማግስቱ ግን አሳቡን ለወጠ። በእንግሊዝ ወደ 1.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሕፃናት የሚዳረስ የ120 ሚሊዮን ፓውንድ የበጋ የምግብ በጀት ተፈቀደ። በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ ወጣት በአንድ ደብዳቤ ያደረገውን አስተውሉ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ያሉት አበው እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ነው።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። በበልግ የትምህርት ዕረፍት ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። በኦክቶበር 21 ቀን የታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ እርዳታው እንዲቀጥል የቀረበው አሳብ በ322 ተቃውሞና በ261 ድጋፍ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ራሽፎርድ ተከታዮቹን ለቁጣ አላነሣሣም። ይልቁንም በየከተማው ለሕፃናት በነጻ ምግብ እንሰጣለን ያሉትን ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ ሱቆችና የአካባቢ ምክር ቤቶች ስም እየተቀበለ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሊዮኖች ያሳውቅ ጀመር። የተራበ ልጅ ያላት እናት የቱ ዘንድ መሄድ እንዳለባት ከዚያ ታነብ ነበር። ያስጀመረውን የአቤቱታ ጽሑፍም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ፈረመበት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፣ በኖቬምበር መጀመሪያ መንግሥት ለክረምቱ የ170 ሚሊዮን ፓውንድ ድጋፍ መደበ።

ይህ ሰው የተሰማው ስለ ምንድን ነው? ተከታይ ስለ በዛለት ነው ብንል እኩሌታውን ብቻ መናገራችን ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ ተከታይ ያላቸው በዚያ ወራት ብዙ ነበሩና። በበኩሌ ሦስት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ የተናገረው በሕይወቱ ስላወቀው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን አልተናገረም፤ ሥራውን በየቀኑ ከሚያውቁት ድርጅቶች ጋር መክሮ፣ የሚጠይቀውን ነገር ለይቶ በግልጽ አስቀመጠ። ሦስተኛ፣ ሰዎች አስቀድመው በሥራው ያውቁት ነበር። ይህን ስል ግን በስም የማይታወቁትን አልዘነጋም። እርሱ ከመናገሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የተራቡ ልጆችን ሲመግቡ የኖሩ ወጥ ቤቶች፣ መምህራንና ጎረቤቶች ነበሩ። የደወል ድምፅ ሕዝብን ይሰበስባል፤ ደወል ግን እንጀራ አይጋግርም። ራሽፎርድ የእነዚያ ሰዎች ደወል ሆነ፤ ይህንንም ራሱ ያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ «ተጫዋች ቢጫወት አይሻለውም?» የሚሉ አልጠፉም። በ2021 ዓ.ም. አንድ የምክር ቤት አባል፣ ወጣቱ ፖለቲካውን ትቶ ጨዋታውን ቢያሻሽል ይበጀው ነበር የሚል መልእክት ጽፈው፣ ነገሩ ሲሰማ ይቅርታ ጠይቀዋል። አነጋገሩ ርኅራኄ የጎደለው ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ሊናቅ አይገባውም። የተጫዋች ድምፅ የሚሰማው ተጫዋች በመሆኑ ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌ ለእርሱም ይሠራል። ግብ የማያገባ አጥቂ ፎቶግራፉ ቢያምር፣ ንግግሩ ቢጣፍጥ፣ ውሎ አድሮ አድማጩ ይበተናል። ስለዚህ ሁለቱን ሙያ የያዘ ሰው ሁለት ጌታ የሚያገለግል ሰው ነው፤ አንዱን ሲያስደስት ሌላው ያኮርፍበታል።

ሸክሙ ወደ ተሸካሚው የሚመለስበትም ጊዜ አለ። በጁላይ 11 ቀን 2021 ዓ.ም. በዌምብሌይ ስታዲየም የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በእንግሊዝና በኢጣሊያ መካከል ተደረገ። ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት እንዲለይ ሆነ። ራሽፎርድ የመታው ኳስ የግቡን ቋሚ መትቶ ተመለሰ፤ የጄደን ሳንቾንና የቡካዮ ሳካን ምት ደግሞ በረኛው አዳነ። እንግሊዝም ተሸነፈች። በዚያው ሌሊት በሦስቱ ጥቁር ወጣቶች ላይ፣ ትናንት ሙገሳ ይጎርፍበት በነበረው በዚያው ማኅበራዊ መገናኛ የዘረኝነት ስድብ ወረደባቸው። ለተራቡ ልጆች ምግብ ላስገኘ ሰው ይህ ምላሽ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ነበር። በማንችስተር ግድግዳ ላይ የተሣለው ሥዕሉም ተበላሸ። ራሽፎርድ ስለ ሳተው ምት ይቅርታ ጠይቆ፣ ስለ ማንነቱና ስለ መጣበት ስፍራ ግን ከቶ ይቅርታ እንደማይጠይቅ ጻፈ። የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ፣ ሕፃናትም ጭምር፣ የተበላሸውን ሥዕል በፍቅር ደብዳቤዎች ሸፈኑት። በአንዲት ሌሊት የተከታይን ክፋትም ደግነትም አየ።

ከዚያም በኋላ የተጫዋችነት ሕይወቱ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በ2021–22 የውድድር ዘመን አምስት ግብ ብቻ አገባ፤ በተከታዩ ዘመን በሁሉም ውድድሮች ሠላሳ አስቆጠረ፤ ከዚያ እንደ ገና ቀነሰ። በ2025 ዓ.ም. ከልጅነት ክለቡ ተለይቶ በመጀመሪያ ለአስተን ቪላ፣ ቀጥሎም ለባርሴሎና በውሰት ተሰጠ። በሴፕቴምበር ወርም ለባርሴሎና ተሰልፎ በኒውካስል ላይ ሁለት ግብ አገባ። ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ሰውየው እንከን የለሽ ነው ለማለት አይደለም። ግብ ባገባበትም ሆነ ባላገባበት ዘመን ያ ምሳ ተበልቷል። የግብ ብዛት ይረሳል፤ የበላ ልጅ ግን አድጓል።

ከተጫዋቾች ሁሉ እንዲህ ያለ ዘመቻ መጠበቅ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። የስዊዘርላንዷ አሊሻ ሌማን ለአስተን ቪላ፣ ቀጥሎም ለኢጣሊያው ዩቬንቱስ የተጫወተች አጥቂ ናት፤ በኢንስታግራምም ከ16 ሚሊዮን የሚበልጡ ተከታዮችን አፍርታለች። አንዳንዶች ዝናዋን በመልኳ እንጂ በኳሷ አላገኘችውም እያሉ ይነቅፏታል። ነቃፊዎቹ ግን ታሪክን ቢጠይቁ መልካም ነበር። በዲሴምበር 1920 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ የተደረገውን የሴቶች ጨዋታ ወደ 53 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቶት ነበር። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ክልከላውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና። በዚህና በመሳሰለው ምክንያት የሴት ተጫዋቾች ደመወዝ ከወንዶቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ አንዲት ተጫዋች በስሟና በፎቶግራፏ ተጨማሪ እንጀራ ብታበስል፣ ሌሎች የዘጉባትን በር በሌላ በኩል መክፈቷ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ እናንተ ልመልሰው። ከእናንተ መካከል ተጫዋች የሚሆኑ ጥቂቶች ናቸው፤ ተከታይ የምትሆኑት ግን ሁላችሁም ናችሁ። ስለዚህ የተከታይነትም ጥበብ ልትማሩ ይገባችኋል። የምታደንቁት ሰው አንድ ነገር ሲያሳያችሁ፣ ይህ ምክር ነውን ወይስ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በብሪታንያ ተከፍሎት የሚያስተዋውቅ ሰው ማስታወቂያ መሆኑን እንዲገልጽ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሕግ ባይኖር እንኳ የአንባቢ ልቡና ይህን ሊጠይቅ ይገባዋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በ2023 ዓ.ም. የቁማር ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሣት የተስማሙት በከንቱ አይደለም፤ የሚወደድ ተጫዋች ደረት ላይ የተጻፈ ቃል በተመልካች ወጣት ልብ ላይም እንደሚጻፍ ስለ ታወቀ ነው። በእናንተስ ላይ የሚጫነው እህል ነው ወይስ ገለባ?

ተከታይ የሌለው ሰው ተጽዕኖ የለውም ብላችሁም አታስቡ። በክፍላችሁ የተቀመጠ ጓደኛችሁ፣ ከእናንተ በታች ያለ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ቃላችሁን ያዳምጣሉ፤ አረማመዳችሁንም ያያሉ። አምስት ሰው የሚሰማው እውነተኛ ቃል አምስት ሚሊዮን ከሚያጨበጭቡለት ከንቱ ቃል ይከብዳል። ራሽፎርድም ቢሆን ደብዳቤውን የጻፈው ሚሊዮኖች ስለ ተከተሉት ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ አንዲት ድኻ እናት፣ አንድ ደግ ጎረቤትና አንድ አሠልጣኝ በእርሱ ላይ መልካም ነገር ስለ ጫኑበት ነው። እነዚያ ሰዎች አንድም ተከታይ አልነበራቸውም። ተጽዕኗቸው ግን በአንድ ልጅ በኩል አልፎ ከሚሊዮን ልጆች ማዕድ ደረሰ።